ጊዜያዊ የተባለው ፎልደር

ኮሌጁ ውስጥ «ኬብል» ነው የሚሉት። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ደሞዝ ከፋይዋና ሚስቱ ብቻ ናቸው እየተባለ ይቀለዳል። ቅጽል ስሙ የወጣለት ገና በተቀጠረ ሰሞን ነው። ጣሪያ ውስጥ ሽቦ ሲጎትት ኮርኒሱ ከዳውና አንድ እግሩ በሒሳብ ክፍሉ አናት ላይ ተንጠልጥሎ ታየ፤ ሽቦውን ግን ከእጁ አልለቀቀም ነበር። ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። ጸጉሩ ከፊት ለፊት ሸሽቷል፣ ጣሪያ ላይ የሚወጡለትም ሌሎች ናቸው። እሱ የሚውለው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለች መስኮት አልባ ክፍል፣ እንደ ነጭናጫ ሽማግሌ ያለማቋረጥ ከሚያጉረመርመው የድረ ገጹ ሰርቨር አጠገብ ነው። በጋ ከክረምት ሹራብ አይለየውም፤ ማቀዝቀዣው ለማሽኑ እንጂ ለሰው አያስብም።

ሰው ሁሉ የሚመካበት አንድ ነገር አያጣም። እሱ የሚመካው በእጁ ፋይል ጠፍቶ ባለማወቁ ነበር። መምህራን ያዘጋጁትን ፈተና በስህተት ሰርዘው እየተንጰረጰሩ ሲመጡ «ቁጭ በሉ፣ ውሃ ጠጡ» ይላቸውና ከባክአፑ፣ ከመጠባበቂያው ቅጂ፣ አውጥቶ ያስረክባቸዋል። ሲያመሰግኑት ፈገግ ብሎ ዝም ይላል። ዝምታው ግን ከጉራ የማይሻል ዝምታ ነበር፤ ይህንን ያወቀው በኋላ ነው።

ነገሩ የሆነው በምዝገባ ሰሞን ነው። አዲስ ተማሪዎች ፎቷቸውንና ማስረጃቸውን በድረ ገጹ እየላኩ ሳለ ሰርቨሩ በድንገት አልቀበልም አለ። ዲስኩ ሞልቷል። ዲኑ በስልክ ደጋግሞ ጮኸበት፤ ወላጆች በር ላይ ተኮልኩለዋል፣ አንተ እዚያ ጉድጓድህ ውስጥ ምን ትሠራለህ አለው። እሱም የሚላከውን የሚያዞርበት ቦታ ለማስለቀቅ ዓይኑን ወደ ሁለተኛው ዲስክ ወረወረ። እዚያ «ጊዜያዊ» የሚባል አንድ ድንቡሽቡሽ ፎልደር ተጋድሟል። ስሙን የሰጠው ራሱ መሆኑ ያስታውቃል፤ ለማይረቡ ነገሮች ሁሉ የሚሰጠው ስም ነው። ሲከፍተው ካሜራ የሰጣቸው ቁጥር ብቻ ያላቸው ፎቶዎች ናቸው። አንዱንም ገልጦ አላየም። ለነገሩ ጥንቃቄ አላነሰውም፤ ድረ ገጹ በሚቀመጥበት ፎልደር ውስጥ ገብቶ «ጊዜያዊ» የሚል ስም የሚጠራ አንድ ገጽ እንኳ ይኖር እንደሆነ ፈለገ። የለም። ማሽኑ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጁን ወርወር አድርጎ «አዎ» የምትለዋን ነካ።

ምዝገባው ቀጠለ። ዲኑ በኮሪደሩ ሲያልፍ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር አለው። ያን ቀን ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገባ።

ምዝገባው አልቆ ትምህርት ሊጀመር ሲል የቶርኖው መምህር፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸውን ማሽን የሚያስተምረው ወጣት፣ ብቅ ብሎ የወርክሾፑ ፎቶዎች አልታይ ብለውኛል አለው። ኬብል ገጹን ከፈተ። ፎቶ በነበረበት ሁሉ ባዶ አራት ማዕዘን ተደርድሯል። ለጥቂት ጊዜ ትክ ብሎ አየው።

ፎቶዎቹ የጋሼ ነበሩ።

ጋሼ ከዚህ ወጣት በፊት ቶርኖ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ባለፈው ዓመት ያረፉ ሰው ናቸው። ጡረታቸው ሲቃረብ፣ እኔ ስሄድ እጄ አብሮኝ ሊሄድ ነው ብለው፣ ከውሃ ቧንቧ ቁራጭ በራሳቸው እጅ የካሜራ ማቆሚያ በየዱ። ካሜራውን በትከሻቸው በኩል ቁልቁል አነጣጥረው እያንዳንዱን ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነሱ። ብረቱ ሲታሰር፣ ስለቱ ሲጠጋ፣ ፍቅፋቂው እንደ ጸጉር ተጠቅልሎ ሲወርድ። ፊት የለም። ሁለት እጅ ብቻ ነው፤ አንደኛው አውራ ጣት ጥፍሩ ለሁለት የተሰነጠቀ። ለምን ራስዎን አያነሱም ሲባሉ፣ ተማሪ የኔን ፊት አይቶ ከመደንገጥ በቀር ምን ይማራል ይሉ ነበር።

ፎቶዎቹን ድረ ገጹ ላይ የሰቀለላቸው ኬብል ነው። ያኔም የመጀመሪያው ዲስክ ጠቦ ስለነበር ወደ ሁለተኛው ወሰዳቸውና፣ እስኪመቸው ድረስ ብሎ «ጊዜያዊ» ውስጥ ከተታቸው። ተማሪዎቹ የለመዱት አድራሻ እንዳይቀየርባቸው ደግሞ በሰርቨሩ መመሪያ ላይ አንዲት መስመር ጨመረ። ወርክሾፕ ብሎ የሚጠይቅህ ሲመጣ እዚህ አትፈልግ፤ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ካለው ጊዜያዊ አምጥተህ ስጠው የምትል ናት። ከዚያ ወዲያ «ወርክሾፕ» የሚባል ፎልደር በየትም አልነበረም፤ ስም ብቻ ነው። ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ስኳር የሚጠይቅ ሰው፣ ባለሱቁ ዕቃውን ከየትኛው ጓዳ እንደሚያመጣ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። ማወቅ ያለበት ባለሱቁ ነው። ይህ ባለሱቅ ጓዳውን ረሳ። ሲፈልግም ገጾቹን አገላበጠ እንጂ ያቺ መስመር ያለችበትን መመሪያ አልከፈተም።

ባክአፑን ለማየት ሮጠ። ባክአፑ ድረ ገጹ ያለበትን ፎልደር አንድ ሳያስቀር ቀድቷል። ከዚያ ውጭ ያለውን ግን ማንም ቅዳ አላለውም። የጠፋውን ፈልቅቀው ያወጣሉ የተባሉትን ፕሮግራሞች ሁሉ ሞከረ፤ የምዝገባው ጎርፍ ላዩ ላይ ተጽፎበት አልቆ ነበር። ለወጣቱ መምህር፣ ትንሽ ብልሽት አለ፣ እያየሁት ነው አለው። ውሸቱ ከአፉ ሲወጣ እንዴት እንደቀለለው ራሱን ገረመው።

ያን ሰሞን ምግብ አልወርድ አለው። ሚስቱ ሥራ ላይ ተጣልተህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ራስ ምታት ነው አላት። ለእሷ ያልነገራት አሮጌ ነገር ነበረው። ጋሼ የመጨረሻው ሕመም ቤት ባዋላቸው ጊዜ ደውለውለት ነበር። ቤት ያለው የኢንተርኔት መስመር እየተቆራረጠ ፎቶው አልመጣ እያለ አስቸግሮኛልና በፍላሽ አድርገህ ታመጣልኛለህ ወይ አሉት። «እሺ ጋሼ፣ ቅዳሜ» አለ። ተማሪያቸው ነበር እኮ። ቶርኖ ላይ ስለት በሰበረ ቁጥር፣ ብረቱን አንተ ትፈራዋለህ ወይስ እሱ አንተን ይፈራሃል እያሉ የሚስቁበት፣ በመጨረሻም ክንዱን ይዘው ኮምፒውተር ክፍል ወስደው፣ ይኼ ልጅ እዚህ ነው ቦታው ብለው ያስረከቡት እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ግን አልሄደም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ ሌላ ነገር መጣ። በመሄድ ፈንታ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሰርቨሩ ላይ አንድ ትእዛዝ ጨመረ፤ አንድ ጊዜ የታየ ፎቶ በተመልካቹ ኮምፒውተር ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንዲቀመጥ፣ እንደገና ሲፈለግ ከዚያው እንዲታይ የሚያደርግ። እንግዲህ መስመሩ ቢቆራረጥም ያያሉ ብሎ ራሱን አጽናና። ከዚያ ባዶ እጁን መሄድ አሳፈረው፤ ከዚያም መዘግየቱ አሳፈረው፤ ከዚያ ቀብራቸው ሆነ። ከሰው ኋላ ቆሞ ቀበራቸው። ባለቤታቸውን እትዬን መንገድ ላይ ካየ ደግሞ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ማዶ ይሻገራል።

የዲኑ ጸሐፊ ከእትዬ ቤት አጥር ለአጥር የምትኖር፣ አፏ የማያርፍ ደግ ሴት ናት። አንድ ቀን ፊርማ ልታስፈርም ወደ ክፍሉ ጎራ ብላ ፊቱን አየችና ሳቀች።

«ምነው ኬብል፣ የተነቀለ መሰልክ?»

መልስ ሳትጠብቅ ወሬዋን ቀጠለች። እትዬ ማታ ማታ የጋሼን እጅ ሳያዩ እንደማይተኙ፣ ትናንት እንኳ አብራቸው ቁጭ ብላ እንዳየች፣ የዚያን የቀኝ አውራ ጣት ጥፍር ስታይ እሷም ዕንባዋ እንደመጣ ነገረችው።

«ትናንት?» አለ።

«አዎ፣ ትናንት። ምን ያስደነግጥሃል?»

«ታየ? ፎቶው ታየ?»

«ሰውዬው ሞቱ እንጂ ፎቶው ምን ሆነ!» አለችና እንደገና ሳቀች። ቀጥላም ኮምፒውተሩ በጣም እየተንቀራፈፈ ስላስቸገራቸው፣ ነገ ጠጋኝ መጥቶ ውስጡን አጥቦ እንደ አዲስ ሊያደርግላቸው መሆኑን ነገረችው።

ከወጣች በኋላ ነገሩ ገባው። ጋሼ ዘንድ በመሄድ ፈንታ የጨመራት ያቺ የስንፍና ትእዛዝ አሁንም እየሠራች ነው። ፎቶዎቹ ኮሌጁ ውስጥ የሉም፣ ሰርቨሩ ላይ የሉም፤ ዓለም ላይ ያሉት አንዲት ባልቴት ቤት፣ በአንድ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። ነገ ይታጠባል።

ከሥራ እንደወጣ ሄደ። መንገዱን ሙሉ የሚለውን ሲያዘጋጅ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ ሲባል ሰምቼ ነው፣ ለጠጋኝ ለምን ይከፍላሉ እኔ እያለሁ። ፎቶዎቹን በፍላሽ ቀድቶ ይወጣል፣ ሰርቨሩ ላይ ይመልሳል፣ ማንም ምንም አያውቅም። እንዲህ አስቦ በሩን አንኳኳ።

እትዬ ከፈቱለት። አጥረዋል፤ ወይም እሱ ረስቷቸዋል። ጥቂት አዩትና፣ «ግባ» አሉ። ከቀብሩ ወዲህ የት ጠፍተህ ነው አላሉትም። ቢሉት ይሻለው ነበር።

ኮምፒውተሩ መስኮቱ ሥር፣ የጥልፍ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ነው። ገጹ ክፍት ነበር፤ የጋሼ እጆች ካሊፐር ይዘው ብረት ይለካሉ። ኬብል ከሁሉ በፊት፣ ኮምፒውተሩ ሰርቨሩን ጠይቆ የያዛቸውን በባዶ እንዳይተካቸው፣ የመስመሩን ሽቦ ነቀለ። ለምን እንደነቀለ ሲጠየቅ፣ እንዳይረብሸን ነው አለ። እትዬ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። እሱ ድረ ገጽ የሚከፍተው ብራውዘር ያጠራቀማቸውን፣ ስም የሌላቸውን ፋይሎች ወደ ፍላሹ ሲያጋባ እሳቸው ስለ ጥፍሩ ያወሩለታል። ያ ጥፍር የተሰነጠቀው ወርክሾፕ ውስጥ እንዳይመስልህ፣ የቤቱን በር ሲያስተካክሉ ነው፤ አፍረው ለተማሪ ሁሉ ማሽን ነው የቆረጠኝ ይሉ ነበር አሉና ትንሽ ፈገግ አሉ። እሱም አብሯቸው ፈገግ ሊል ሞከረ። የጉንጩ ሥጋ አልታዘዝ አለው።

ቅጂው አለቀ። ከፋፍቶ አረጋገጠ፤ እጆቹ አሉ፣ ብዙዎቹ አሉ። ፍላሹን ኪሱ ከትቶ ሊነሳ ሲል እትዬ ክንዱን ያዙት።

«ልጄ፣ እዚህ ከሆንክ አይቀር አንዱን ክፈትልኝ። የመጨረሻውን ትምህርት፣ ማወልወል የሚለውን። እሱን ከፍቼው አላውቅም።»

«ለምን?» አለ፤ ጥያቄው ሳያስበው አመለጠው።

ከፎቶዎቹ ሁሉ በአንዱ ላይ የጋሼ ፊት አለ አሉት። ብረቱን ሲያወለውሉት መስታወት ሆኖ፣ ጎንበስ ሲሉ ፊታቸው ብረቱ ላይ ወጥቶ፣ ሳያስቡት ከእጃቸው ጋር ተነስቷል። ራሳቸው ነግረዋቸው አብረው ስቀዋል፤ ጋሼም የራሳቸውን ፊት ማየት ስለማይወዱ ቤት ሆነው ያንን ገጽ ከፍተውት አያውቁም። ሌላ ፎቶ እንዳላቸው፣ ግን በሌሎቹ ሁሉ ላይ ኮታቸውን ለብሰው ተገትረው እንደሆነ ነገሩት። «ይኼኛው ሥራ ላይ ነው። መልካቸው ከዓይኔ እየጠፋ ሲመጣ አየዋለሁ ብዬ አስቀምጬው ነው። ሰሞኑን መልካቸው ጠፋብኝ።»

ያልታየ ፎቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ አይቀመጥም። የታዩት ተርፈዋል፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠው አልተረፈም።

ቁልፉን ነካ። ገጹ አልመጣም። «መስመሩ ስለተነቀለ ነው» አለ፤ እውነትም ነበር፣ ውሸትም ነበር።

«ታዲያ ሰካው።»

ሽቦውን አነሳ። እስከ ግድግዳው ያለችው ርቀት አንድ ክንድ አትሞላም። ሌላ ሰበብ ፈለገ፤ ዛሬ የኮሌጁ መስመር ተቋርጧል ይበል፣ ነገ አምጥቼ አሳይዎታለሁ ይበል። ነገ የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። የለመደው ቃል ነው። ከዚያ የሴትዮዋን ዓይን አየ፤ ዓይናቸው አስቀድሞ ማያው ላይ ተተክሎ እየጠበቀ ነው። ሰካው።

ገጹ ከነርዕሱ መጣ። ከሥሩ ባዶ አራት ማዕዘኖች ተደረደሩ። እትዬ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። «እየመጣ ነው?»

«አይመጣም፣ እትዬ» አለ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ቦታ ጠቦኝ፣ ሳላይ ሰረዝኩት። እዚህም የመጣሁት እርስዎ ያዩዋቸውን ሰርቄ ልመልስ እንጂ ኮምፒውተሩን ልጠግን አይደለም። ያዩዋቸው ተርፈዋል። ይኼኛው ስላልታየ… የለም።»

ጎረቤት ግቢ ውስጥ ባልዲ ሲሞላ ይሰማል። ኬብል ቢጮኹበት፣ ውጣ ቢሉት፣ እግሩ ለመሄድ ዝግጁ ነበር።

«ቅዳሜ ቅዳሜ» አሉ በመጨረሻ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ «የግቢው በር እንዳይቀረቀር ይሉኝ ነበር። ያ ልጅ ይመጣል፣ ደጅ እንዳይቆም እያሉ። ሥራ በዝቶበት ነው እላቸዋለሁ። አዎ፣ ጎበዝ ልጅ ሥራ ይበዛበታል ይሉኛል።»

አንገቱን ደፋ። ይቅርታ የምትለው ቃል ለዚህ ስታንስበት ተሰማው። ለጋሼ ቃል ስለገባላቸው ፍላሽ የሚያውቁ አይመስለውም ነበር። ይኸው ያውቃሉ፤ ያውቁም ነበር፤ መንገድ ላይ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲሻገርም እያዩት ነበር።

«ከሥሩ የተጻፈው ምንድን ነው?» አሉ እትዬ። ጣታቸው ባዶው ሳጥን ሥር ያለውን መስመር ይነካል። ጽሑፉ ከገጹ ጋር ስለተቀመጠ አልጠፋም ነበር። በየፎቶው ሥር ጋሼ ራሳቸው ያጻፉት ነው። «ዓይኔ ደቃቅ ፊደል አያነብም። አንብብልኝ።»

«በደቃቁ የብርጭቆ ወረቀት፣ ፊትህ እስኪታይህ ድረስ» ብሎ አነበበ። ቀጥሎ ያለውን ጀምሮ አቋረጠው፤ እንደገና ጀመረው። «እኔን አየኸኝ? እንግዲያው በቃህ፣ አቁም።»

እትዬ ሳቅ የሚመስል ነገር ወጣቸው፤ ሳቅ አልነበረም። ተነስተው ወደ መስኮቱ ዞሩና ጀርባቸውን ሰጡት። ሲመለሱ ፊታቸውን ጠርገዋል። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም፤ አልረገሙትምም። አንድ ነገር ብቻ አዘዙት፦ ኮምፒውተሩን ስከፍተው ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ይኼ ገጽ ይምጣ አሉ። ባዶ ነው እኮ አላቸው። ባዶነቱን አይቻለሁ አሉት። እንዳሉት አደረገ። በር ድረስ ሸኙትና፣ ጠጋኙን አትምጣ እንደሚሉት ነገሩት።

ሰኞ ጠዋት ዲኑ ቢሮ ገብቶ ያደረገውን ሁሉ ተናገረ። ወጣቱ መምህርም ባለበት ነው፤ የዋሸው እሱን ስለሆነ። መምህሩ ወለሉን ያይ ጀመር። ዲኑ ግን ገና ሳይጨርስ በእጁ አቋረጠው። ዋናው ምዝገባው አለመስተጓጎሉ ነው አለ፤ አሮጌ ፎቶ ነው፣ በአዲስ ካሜራ እንደገና ይነሳል፣ አንተም ሰው ነህ፣ አትጨነቅ። ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ኬብል ከቢሮው ሲወጣ፣ ከገባበት ጊዜ ይልቅ አንሶ የወጣ መሰለው።

የተረፉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያየ ለየቦታቸው መለሰ። ቁጥራቸውን አጥፍቶ የሥራውን ስም ሰጣቸው። ፎልደሩንም በጋሼ ስም ሰየመው፣ ባክአፑ እንዲቀዳውም አዘዘ፤ «ወርክሾፕ» የሚለውን ስም ከፎልደሩ ጋር የምታገናኘውን መስመር አስተካክሎ ጻፈ። ማወልወልን የሚያስተምረው ገጽ ብቻ ባዶ ሳጥኖቹን እንደታቀፈ ቀረ።

ሰርቨሩ ማን ምን እንደጠየቀና ምን እንደተሰጠው ይጽፋል። የሥራው ልማድ ሆኖ ኬብል ጠዋት ጠዋት ያነበዋል። ማታ፣ ተማሪው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ከአንድ ቤት የሚመጣ ጥያቄ አለ። የካሊፐሩን ገጽ ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል። የፍቅፋቂውን ገጽ ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል። ከእነዚያ ሁሉ በፊት ግን ሁልጊዜ የሚቀድም፣ የማወልወሉን ፎቶ የሚጠይቅ አንድ መስመር አለ። ቦታው ላይ ሌላ ፎቶ ቢተካ፣ ወይም ያንን ሳጥን ከገጹ ላይ ቢያነሳው፣ መስመሩ ዳግመኛ አይጻፍም፤ ለእሱ የደቂቃ ሥራ ናት። አንዳንድ ቀን እጁ ቁልፎቹ ላይ ያርፍና ይቆያል። ከዚያ ያነሳዋል፣ ሹራቡን ይደራርባል፣ ማንበቡን ይቀጥላል።

ተጠየቀ፤ አልተገኘም።